ሙክቱ ካልታረደ ቤት አይለቀቅ

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዛሬው ተረት በረት የለውም፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ማስተዋል የምትባል የፍኖተ ሰላም ልጅ ነበረች። አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ አንድ የልብስ ፋብሪካ ቀጠራት። የፈለገችው አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ ለፋብሪካው የምትቀርብ፣ ደመወዟ የሚችላት ስቱዲዮ። ሥራው ሰኞ ጎህ ሲቀድ ይጀምራል። ያረፈችበት የአክስቷ ቤት ግን የከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም። ሰኞ ያረፈደ ደግሞ ቦታው ለሌላ ይሰጥበታል። ማስተዋል አልደነገጠችም። «ጠይቄ የማጣው ቤት የለም» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ደላላ የቤት አከራይዋ ወይዘሮ ዘውድነሽ ዘንድ ወሰዳት። «ቤቱስ አለ የኔ ልጅ፤ ኪራዩም አይከብድሽም» አሉ ወይዘሮዋ። «ግን የባለቤቴ የአክስት ልጅ፣ ጋሽ ምናሴ፣ ለሳምንት ብለው ገብተው ይኸው ክረምቱ አለፈ። እንዴት ብዬ ይውጡ ልበል? ሰው ምን ይለኛል?» ጋሽ ምናሴ ካልሄዱ ቤት አይለቀቅ፣ ቤት ካልተለቀቀ ማስተዋል ሥራ አትገባ!

ማስተዋል ደረጃውን ወጥታ አንኳኳች። ጋሽ ምናሴ በፒጃማ ከፈቱላት። «እኔስ ቤቴ ናፍቆኛል! ግን ጎረቤቴ በላይነሽ ለጊዜው ብላ ሶፋዋን እዚያ ቤቴ አስቀመጠች። ሶፋ እንዳይመስልሽ፣ መርከብ ነው። አልጋዬ የት ይዘርጋ? አንሺ ልበላት? ነውር አይደለም?» ሶፋው ካልወጣ ጋሽ ምናሴ አይሄዱ፣ ጋሽ ምናሴ ካልሄዱ ቤት አይለቀቅ፣ ቤት ካልተለቀቀ ማስተዋል ሥራ አትገባ!

እትዬ በላይነሽ የሶፋቸው ነገር ሲነሳባቸው እንባ ቀረሽ ሆኑ። «ሰው ቤት መቀመጡ ያንገበግበኛል! ግን አናጢው ሙስጠፋ ጣውላውን ሳሎኔ ደርድሮታል። በሬን ያለ ዋጋ የሠራልኝ ጨዋ ሰው፣ አንሳ ብዬ ላስቀይመው?» ጣውላው ካልተነሳ ሶፋው አይወጣ፣ ሶፋው ካልወጣ ጋሽ ምናሴ አይሄዱ፣ ጋሽ ምናሴ ካልሄዱ ቤት አይለቀቅ፣ ቤት ካልተለቀቀ ማስተዋል ሥራ አትገባ!

ሙስጠፋን ወርክሾፑ በር ላይ ቆሞ አገኘችው፤ ውስጥ መግቢያ የለም። «ወላሂ እኔም አፍሬያለሁ እህቴ! ግን የአቶ ጋሻው ሙክት እዚህ ታስሯል። ጣውላ ባስገባ ይሸናበታል። የእናቱ መሸኛ ነው አሉ፤ የእናት በግ አውጣ ይባላል?» ሙክቱ ካልታረደ ጣውላው አይነሳ፣ ጣውላው ካልተነሳ ሶፋው አይወጣ፣ ሶፋው ካልወጣ ጋሽ ምናሴ አይሄዱ፣ ጋሽ ምናሴ ካልሄዱ ቤት አይለቀቅ፣ ቤት ካልተለቀቀ ማስተዋል ሥራ አትገባ!

አቶ ጋሻው ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። ወደ ኮሪደር ስቦ አወጣትና በሹክሹክታ አወራት። «እማዬ ከመንዝ ልትጠይቀኝ መጣች። ስትሄድ አርጄ ልሸኛት ብዬ ሙክት ገዛሁ። እሷ አልሄደችም፤ ሙክቱ ግን ሰባ። ‹መቼ ትሄጃለሽ?› ብዬ እናቴን ልጠይቅ? ምላሴ ይቆረጥ!» እማማ ካልተሸኙ ሙክቱ አይታረድ፣ ሙክቱ ካልታረደ ጣውላው አይነሳ፣ ጣውላው ካልተነሳ ሶፋው አይወጣ፣ ሶፋው ካልወጣ ጋሽ ምናሴ አይሄዱ፣ ጋሽ ምናሴ ካልሄዱ ቤት አይለቀቅ፣ ቤት ካልተለቀቀ ማስተዋል ሥራ አትገባ!

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እዚህ ግቢ ግን ሁሉም ዝም ስላለ ባለቤቱም ቤቱ አልገባ አለ።

«ምላስህን ያዝ፣ በኔ ምላስ ይሁን» አለችና ማስተዋል ገባች። እማማ ትጓደድ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የጎረቤት ልብስ ሲደርቅ ያያሉ።

«እማማ፣ አገርዎ አልናፈቀዎትም?»

ጋሻው ከበሩ ኋላ ከንፈሩን ነከሰ።

«ኧረ እንዴት አይናፍቀኝ ልጄ! ገብሴ ደርሷል። ግን ልሂድ ብል ‹ቤቴ አልተመቻትም› ብሎ ይከፋዋል። ያለኝ እሱ ብቻ ነው፤ እሱን ከማስከፋ እዚሁ ልቀመጥ ብዬ ነው።»

ጋሻው ሮጦ ገብቶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «እማዬ! እኔም ብጠይቅሽ የሰለቸሽኝ ይመስልሻል ብዬ ፈርቼ ነው!» እማማ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ እሱን አቅፈው አለቀሱ። ማስተዋልም ዓይኗን ጠረገች፤ ፈራሁ ባትልም እሷም ሰኞን ስታስብ ነው የዋለችው። «በል እረድ፣ ነገ አገሬ እገባለሁ» አሉ እማማ።

ያኔ ሰንሰለቱ ተበጠሰ! እማማ ልሂድ ሲሉ ሙክቱ ታረደ፣ ሙክቱ ሲታረድ ጣውላው ተነሳ፣ ጣውላው ሲነሳ ሶፋው ወጣ፣ ሶፋው ሲወጣ ጋሽ ምናሴ በፒጃማቸው እየሮጡ ሄዱ፣ ጋሽ ምናሴ ሲሄዱ ቤት ተለቀቀ፣ ወይዘሮ ዘውድነሽም ቁልፉን በማስተዋል እጅ አስቀመጡ። ሙስጠፋ ከሥጋው ባይቀምስም ለስላሳውን ጠጥቶ የሶፋውን ከባድ ጫፍ ተሸከመ።

እሑድ ማለዳ እማማ አውቶቡስ ላይ ወጥተው በመስኮቱ የማስተዋልን እጅ ያዙ። «እናትሽን ጥሪያት። በመጣች ቀን ደግሞ መቼ ትሄጃለሽ ብለሽ ጠይቂያት፤ ዝም ካልሻት እንደኔ ስትጨነቅ ትከርማለች።»

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ማስተዋል በሯን ቆልፋ በእግሯ ሥራ ገባች።

ተረቴ አለቀ። እኔም ልነሳ፤ እናንተ እንደሆናችሁ ሂድ አትሉኝም።