በሁለት ግቢ መሀል የበቀለችው ሾላ

አንድ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይጾማል፣ ያስቀድሳል፣ ከዕድር አይቀርም። ከጎረቤቱ ከጓንጉል ጋር ግን በአንድ ክንድ ወሰን ተጣልቶ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላም አይለውም ነበር።

በሁለቱ ግቢ መሀል በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ረጅም ግንብ አለ። ከስንጥቁ ውስጥ፣ ወፍ ከጣለችው ፍሬ፣ አንዲት ሾላ በቀለች። ጣት የማትሞላ! ማን ይፈራታል?

ሰውየው በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ግንቡን ኖራ ሲያስቀባ በእሱ በኩል የወጣውን ቅጠል ይመለምላል። ጓንጉልም በዚያኛው በኩል እንዲሁ። ሥሩን ማን ነካው? ማንም!

በተጣሉ በአምስተኛው ዓመት ኖራ ቀቢው ግንቡ ማበጡን አየና፣ "ጋሼ፣ ይቺ ነገር ከሁለቱም በኩል ካልተፈለፈለች አትወጣም። ጋሽ ጓንጉልን ያነጋግሯቸው" አለው።

"እኔ? መጀመሪያ እሱ ይምጣ!"

ቀቢው ለጓንጉልም ሄዶ ነገረው። እሱስ ምን አለ መሰላችሁ? ያንኑ። "መጀመሪያ እሱ ይምጣ።"

ስሙኝማ ወገኖቼ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ላይ ለሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። በአራተኛው ጠዋት አባራ፤ የሰውየው ልጅ ትርንጎ ከግንቡ ሥር ካለው ቧንቧ ልብስ ልታጥብ ተቀመጠች። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ግንቡ ተናደባት።

ከጎረቤት ቀድሞ የደረሰው ማን ነው? ጓንጉል ነው። ከአባትየው ጋር ጎን ለጎን ተንበርክኮ ድንጋዩን በእጁ ይፈነቅል ጀመር።

"እግሯ ይኸው! ቀስ በል!"

"ያንን ጫፍ ያዝልኝ፣ ወንድሜ!"

በስድስት ዓመት የተነጋገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ልጅቱን አወጧት። አልተረፈችም።

እኛስ? በየጾሙ ቅጠል እንመለምላለን፤ ነጠላችንን አንጽተን እዚህ እንቆማለን። ዛሬ ጠዋት በቅዳሴው "እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ" ሲባል ፊቱን ወደ ዓምዱ ያዞረ የለም? አይቻለሁ እኮ! እኔም ብሆን ከገዛ ወንድሜ ጋር ሁለት ዓመት እንደዚሁ ከርሜያለሁ፤ እያፈርኩበትም ቢሆን እናገረዋለሁ። "መጀመሪያ እሱ ይምጣ" ስል ነበር።

ሁለቱ ጎረቤታሞች አሁን ታርቀዋል። እግዚአብሔር ይመስገን ልበል? የታረቁት በትርንጎ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው።

እናንተስ፣ የማን ድንኳን እስኪተከል ነው የምትጠብቁት?