አንካሳዋ ሰስና ባሏ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ወዲህ ይጠጋ!

ሰስ የምትባል ትንሽ የገደል ሚዳቋ ከባሏ ጋር ትኖር ነበር። አንድ ቀን ድንጋይ ተንሸራቶ እግሯን ሰበራት። እሷም ተስፋ ቆርጣ፣ «አንተ ወደ ለምለሙ ውረድ፤ እኔስ እዚሁ ይብቃኝ» አለችው።

ባሏም፣ «የተሰበረው እግርሽ እንጂ ዓይንሽ አይደለም። አንቺ ስትግጪ እኔ ነብር እንዳይመጣ አያለሁ፤ እኔ ስግጥ ደግሞ አንቺ ታዪልኛለሽ» አላት።

አንድ ፈጣን ወንደላጤ ሰስ ይህን ሰምቶ፣ «ከአንካሳ ጋር ማን ያረጃል?» ብሎ ሳቀ።

እሷ ግን የባሏ ቃል ልቧ ገባ። በማግስቱ በሦስት እግሯ ቆመች፤ ወደቀች፤ ደግማ ቆመች። ባሏ አንገቱን ደፍቶ ሲግጥ፣ እሷ ዓለቱ ላይ ወጥታ ዙሪያውን ትቃኛለች። ነብር ብቅ ካለ ታፏጫለች፤ ሁለቱም ወደ ገደሉ ይገባሉ።

ወንደላጤው ግን የሚያይለት ስለሌለ፣ አንዴ ነጭቶ አምስቴ ቀና ይላል። ሳይጠግብ እየዋለ ከሳ፤ ያ ፈጣን እግሩም ከዳው። ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

ብዙ ክረምት አለፈ። አንድ ቀን የሰሷ የልጅ ልጅ፣ «አያቴ፣ ይሄ እግርሽ እስካሁን አልዳነም እንዴ?» ስትል ጠየቀቻት።

«አልዳነም ልጄ። አሁን ዝም በይ፤ አያትሽ እየጋጠ ነው» አለቻትና ዓይኗን ወደ ቁጥቋጦው መለሰች።