ከተራ የወጣው ኮርቻ ሰፊ

አንድ ኮርቻ ሰፊ ነበረ። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ዕቃውን ጠቅልሎ ከገበያው ኮርቻ ተራ ወጣና በራሱ ደጅ መሸጥ ጀመረ።

ሳምራዊት፣ «ከሌሎች ጋር በምጽፍበት የጋራ ብሎግ ልቀጥል ወይስ የራሴን ልክፈት?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው ይህን የማወራሽ።

ሰውየው የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በተራው ኮርቻ ሰፊዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ነው የሚሸጡት። የእሱ ኮርቻ ረጅም የቀይ ቆዳ ዘርፍ ነበረው። ተራ አስከባሪው መጥቶ «ዘርፉ የጎረቤትህን ዕቃ ይሸፍናል፤ ቁረጠው» አለው። እሱ ደግሞ መቁረጥ አልፈለገም። «ተራ ሰው በተራ ይቀመጥ!» ብሎ ተነሣ።

አጠገቡ የሚቀመጡት ሽማግሌ ሳቁ። «ሂድ እንግዲህ ጌታው! በቅሎዎቹ ቤትህን ያውቁት ይሆናል።»

በደጁ ልቡ የወደደውን ሰፋ። ዘርፉን ቁረጥ የሚለው አልነበረም፤ የሚገዛውም አልነበረም። ኅዳር ሙሉ የመጣው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ወስፌ ሊዋስ። ሚስቱ «ኮርቻውን ለዶሮዎቹ ብንጭናቸውስ?» ማለት ጀመረች።

ከገና በኋላ ግን ገዢ መጣ። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይተካ ጀመር። ሰውየው «ስሜ ወጣ» አለ፤ ወደ ተራው ዞር ብሎም አላየ።

በክረምቱ ወንዙ ሞልቶ የገበያውን ዳሶች ጠርጎ ወሰደ። ሽማግሌው ኮርቻቸውን ተሸክመው ከሰውየው ደጅ ቆሙ። «ግቢህ ሰፊ ነው። ገበያው እስኪጠገን ጥግ ብትሰጠን» አሉት። ሊመልሳቸው አፉን ሲከፍት፣ ኮርቻ ሊገዛ የመጣ አንድ ገበሬ ሽማግሌውን አይቶ እጅ ነሣ።

«አባባ፣ ባለፈው ባዶ ቦታውን አሳይተው ቤቱን እንዳመለከቱኝ አገኘሁት። ዛሬ ደግሞ ወንድሜን ይዤ መጣሁ።»

ሰውየው ነገሩ ያኔ ገባው። የተራው ሰዎች ቦታውን ለማንም አልሰጡም ነበር። ባለ ቀይ ዘርፉ የት ሄደ ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ ቤቱን ሲያመለክቱ ከርመዋል።

በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። «ይግቡ አባባ። እኔም በተራዬ» አለ።

የራስሽ ብሎግ ያ ደጅ ነው፣ ሳምራዊት። ክፈቺው። ዘርፍሽን የሚያስቆርጥሽ የለም፤ የጋራው ቤት አንድ ቀን ቢዘጋም ጽሑፍሽ አብሮ አይጠፋም። የጋራው ብሎግ ደግሞ ተራው ነው። ስትወጪ ተሰናብተሽ ውጪ፣ አዲሱን አድራሻሽንም እዚያ ተዪላቸው። የእነሱንም በራስሽ ገጽ ላይ አኑሪ።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ ቆይቻለሁ። ስለ ሰፈራችሁ ቧንቧ የጻፍሽውን ያገኘሁት እኔ ፈልጌ አይደለም። «ይህችን ልጅ ያንብቡልኝ» ብላ የላከችልኝ እዚያው ብሎግ ላይ ከአንቺ ጋር የምትጽፍ ልጅ ናት። የዚያን ዕለት የአንቺ ጽሑፍ የእሷን ወደ ታች ገፍቶት ነበር።