የጓንጉል ቀረሶ

በሐይቅ ዳር ሰዎች ፊት ሌላው ላይ ጣት ከቀሰራችሁ አንዲት ተረት ትወረወርባችኋለች። ተረቷ ከሰማይ ዱብ አላለችም፤ ጓንጉል የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነው ያመጣት።

ሐይቁ ስፋቱን ዓይን አይጨርሰውም፤ ጥልቀቱ ግን ከጉልበት አያልፍም። ጉማሬ እንኳ ልደበቅ ብሎ ሲጠልቅ ጀርባው ፀሐይ ይሞቃል። ታንኳ ጭቃ የማይነካት፣ ትልልቁም ዓሣ የሚገኘው፣ ደንገሉ መሃል ባለው «ጉሮሮ» በሚሉት ሰርጥ ብቻ ነው። እዚያ ዓመቱን ሙሉ የሚያጠምደው በፋሲካ ማግስት ውድድሩን ያሸነፈ ነው። ሕጉም አጭር ነው፤ በዚያው ጠዋት በመንጠቆ የተያዘ፣ ከሁሉ የከበደ አንድ ዓሣ።

ጓንጉል ጥላው ሲከተለው ዞሮ «ምን ፈለግህ?» የሚል ሰው ነበር። ጉሮሮን ለዓመታት ይዟታል፤ ዘንድሮ ግን ጎረቤቱ አዳሙ ሲስቅ አየው።

«ነገር ቢይዝ ነው እንጂ ምን ያስቀዋል?» አለና፣ በዋዜማው አንዲት ቀረሶ ዓሣ አጥምዶ፣ ድንጋይ አጉርሶ፣ ጉሮሮ ውስጥ ከደንገል ሥር በቀይ ክር ከነነፍሷ አሰራት። ሲነጋ ቢሄድ ክሩ ተበጥሷል፤ ቀረሶ የለችም!

«አዳሙ ነው! ከሱ ሌላ ማን?» እያለ፣ ባገኛት ሌላ ዓሣ ወደ ዳር ቀዘፈ።

አዳሙ ሆዱ የተነፋ፣ ዓሣ ዋጭ አምባዛ ይዞ ቆሟል። ዳኛው አያ ስንሻው ሁለቱን ሚዛን ላይ ሰቀሉ። የጓንጉል ዓሣ እንደ ላባ ሽቅብ ተንጠለጠለች።

«ሆዱ ይቀደድ! ድንጋይ አጉርሶታል» አለ ጓንጉል።

«እኔ ለራሴ የምጎርሰው አጥቼ!» አለ አዳሙ።

«ይቅርብህ፣ አንተ ሰው» አሉ አያ ስንሻው።

«አያ፣ ይቀደድ ብያለሁ!»

ተቀደደ። ከአምባዛው ሆድ ቀይ ክር ያንጠለጠለች ቀረሶ ዱብ አለች።

«ይኸው ሌባው! ትናንት ያሰርኳት ቀረሶዬ!» ብሎ ጮኸ ጓንጉል።

ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ጓንጉል አዞረ።

«ትናንት ነው ያልከኝ ልጄ?» አሉ አያ ስንሻው ቢላዋውን እየተቀበሉ። «እስቲ እሷም ትቀደድ።»

ጓንጉል ሊነጥቅ ዘለለ፤ ቢላዋው ቀደመው። እንቁላል የሚያህል ድንጋይ እግሩ ሥር ተንከባለለ። አምባዛው ባዶ ሆዱን ዳግመኛ ቢመዘንም ያው በለጠ፤ አዳሙ መቅዘፊያውን አንስቶ ወደ ጉሮሮ አቀና።

አያ ስንሻው ድንጋዩን አንስተው ጓንጉል መዳፍ ላይ አኖሩለትና እንዲህ አሉ፦ «የሰውን ዓሣ ያስቀደደ፣ የራሱን ድንጋይ ወለደ።»