ገርበብ ዝም ያለ ጊዜ

አባቴ «የሚጮህ ወንዝ ያሻግራል፤ ዝም ያለ ወንዝ ይጠይቃል» ይል ነበር። የአገራችንን ወንዝ ገርበብን በተሻገርን ቁጥር ይህችን ይላታል። ወንዝ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያወቅሁት ግን የድንቄን ነገር ከነገረኝ በኋላ ነው። እናንተም ስሙ። በስመ አብ ብዬ ልጀምር።

ድሮ ነው፤ ሾላው ከወዲህ ዳርና ከወዲያ ዳር ተቃቅፎ፣ ፀሐይ ውኃውን በቅጠል ቀዳዳ በምታይበት ዘመን። ያን ጊዜ በገርበብ ዳር ድንቄ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባል የላት፣ ልጅ የላት። ጎጆዋ ከመንደሩ ተለይታ ከወንዙ አፋፍ ላይ ነበረች። ሰው እንስራዋን ይገዛል፤ ቤቷ ግን አይገባም። «ቡዳ ናት» ይላታል።

አንድ ልማድ ነበራት። ከወንዙ ዳር ጭቃ በቆፈረች ቁጥር ጎንበስ ብላ «ጭቃ ወሰድሁ» ትላለች። ጉድጓዱን ትደፍናለች። በላዩ የአኻያ ዘንግ ትተክላለች። ያዩዋት ይስቁባታል። «ቄስ አጥታ ለወንዝ የምትናዘዝ!» ይሏታል።

የመንደሩ ጭቃ ሹም ገሠሠ ይባላል። እርሻው ጠበበውና የወንዙን ዳር ሾላ በሙሉ አስቆረጠ። እስከ ውኃው ከንፈር ድረስ አረሰ። ድንቄ መንገድ ላይ ጠብቃ፣ «ጌታዬ፣ ሲወስዱ ለወንዙ ነግረዋል?» አለችው።

«ወንዝ ዳኛ ነው እንዴ፣ ቆሜ ቃል የምሰጠው?» አላት። አጃቢዎቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ክረምት ገባ። አፈሩ ተናደ። ገርበብ ደም መስሎ ወረደ። ከዚያ አንድ ጧት ዝም አለ። ውኃው ይሄዳል፤ ድምፅ የለውም። ከድንጋይ ይጋጫል፤ ድምፅ የለውም። ወፍ ሊጠጣ መጥቶ ያየውና ሳይጠጣ ይመለሳል። ውኃ የቀዱ ሴቶች እንስራቸውን አዝለው ዳገቱን ሲወጡ፣ ከጀርባቸው፣ ከእንስራው አፍ፣ ቀስ ያለ ድምፅ ሰሙ፦ «ምን ወሰዳችሁ?»

እንስራቸውን ጥለው ሮጡ። ድንቄ ግን ወረደች። እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ቆማ «ዛፍ ወሰድን» አለች። ዳሩን ሁሉ አኻያ ተከለች። ወንዙም ድምፁን መለሰ። እሷ ስትወጣ ግን እግሯ እስከ ጉልበቷ ደረቅ ጭቃ መስሎ ነበር። ብታጥበው አልለቀቀም።

ዓመት ዞረ። ገሠሠ ልጁን ሊድር ድግስ ደገሰ። ጎረምሶቹ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ወንዙ ውስጥ በተኑ፤ ብርብራ ዓሣ ያሰክራል። ትልቁም ትንሹም ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። የፈለጉትን ለቀሙ፤ የተረፈውን ለአሞራ ተዉት። አሞራም አልነካው። ወንዙ ዝም አለ። የሞቱት ዓሦች አፋቸውን አንድ ላይ ይከፍታሉ፤ አንድ ላይ ይዘጋሉ። በድግሱ ቤት ዘፈኑ በደራበት ሰዓት፣ ከጠላው ጋን ውስጥ ያ ድምፅ ወጣ፦ «ምን ወሰዳችሁ?» ከበሮው ቀጥ አለ። ሙሽራይቱ ራሷን ሳተች።

ድንቄ ወረደች። እስከ ወገቧ ቆማ «ዓሣ ወሰድን፤ የማንበላውንም ወሰድን» አለች። የሞተውን ሁሉ ለቅማ ቀበረች። ወንዙም ድምፁን መለሰ። እሷ እስከ ወገቧ ጭቃ መስላ ወጣች።

ታዲያ ሰው አመሰገናት? የለም። «ወንዙን የበላችው እሷ ናት! ባትበላው ቋንቋውን ከየት አወቀች?» አለ። ጎጆዋን አፈረሱ። ከዚያ ወዲያ ከአኻያው ሥር ታድር ነበር።

በተከታዩ በጋ ገሠሠ ግድብ ሠርቶ ውኃውን እንዳለ ወደ በርበሬ ማሳው ጠለፈው። ከታች ገርበብ አሸዋ ብቻ ሆነ። ጥጃ ወደቀ። ሕፃን በጥም ምላሱ ደረቀ። አንድ ቀን በቀትር፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ በየቤቱ ያለ ሸክላ ሁሉ ባንድ አፍ ጠየቀ፦ «ምን ወሰዳችሁ?» ገሠሠ እንስራውን በዱላ ሰበረው። ስባሪው ጠየቀው። ስባሪውን ቀበረው። መሬቱ ጠየቀው።

መንደሩ ድንቄ ዘንድ መጣ። «እማማ ድንቄ፣ እባክሽ አንቺ መልሽለት» አሏት። ያን ቀን እማማ ሆነች።

«ዛፉንም ዓሣውንም እኔ ተናገርሁላችሁ» አለች። «አሁን የተወሰደው ወንዙ ራሱ ነው። የወሰደው ይናገር።»

ሁሉም ወደ ገሠሠ ዞረ። ገሠሠ መሬት መሬት አየ። «በቡዳ ፊት አልናዘዝም» አለ።

ድንቄ አልተቆጣችም። አማተበችና ወደ ግድቡ ወጣች። ከሥሩ ቆማ ድንጋዩን በእጇ ትነቅል ጀመር። አንድ በነቀለች ቁጥር ጭቃው ከወገቧ ወደ ደረቷ፣ ከደረቷ ወደ አንገቷ ይወጣል። ሰው ቆሞ ያያል። የሚረዳት እጅ አልተገኘም። ጭቃው ከንፈሯ ላይ ሲደርስ ገሠሠ አልቻለም። «እኔ ነኝ! ወንዙን የወሰድሁት እኔ ነኝ!» ብሎ እየጮኸ ወደ እሷ ሮጠ።

ግድቡ ተሰነጠቀ። ገርበብ እያገሳ ወረደ። ገሠሠ ሊያወጣት እጇን ያዘ። መዳፉ ውስጥ የቀረው ግን እርጥብ ጭቃ ነው።

ነፍሷን ይማር። ገሠሠ የቀረ ዕድሜውን አኻያ ሲተክል ኖረ ይላሉ። በገርበብ ዳር ሸክላ ሠሪን ቡዳ ማለት ነውር ሆነ። ውኃ የሚቀዳ፣ ሣር የሚያጭድ፣ ድንጋይ የሚያነሳ ሁሉ ጎንበስ ብሎ «ድንቄ፣ ይህን ወሰድሁ» ይላል። የወሰደውን የደበቀ ሰው ሲገጥመን «እንስራህ ይጠይቅህ» የምንለውም ከዚያ የመጣ ነው።

አሁን ደግሞ አሸዋ የሚጭኑ መኪኖች መጥተዋል። ሾፌሮቹ የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው፤ ልማዱን አያውቁም። ልማዱን የምናውቀው እኛም አካፋ ይዘን እንጭንላቸዋለን። ዳሩ ተቦረቦረ፤ የአኻያው ሥር ወጣ። ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ ስመለስ መሻገሪያው ላይ የውኃው ድምፅ ጠፋኝ። ጆሮዬ ይሆናል ብዬ ድንጋይ በመቋሚያዬ መታሁ። የድንጋዩን ሰማሁ። አሸዋ ከተቆፈረበት ጉድጓድ ውስጥ የማላውቃት ሴት ቆማለች፤ እስከ አንገቷ ጭቃ ናት። «እንደምን አደርሽ፣ እህቴ» አልኋት። ቀና ብላ ይህን ብቻ አለችኝ፦

«አባባ፣ ዛሬስ ምን ወሰዳችሁ?»