በሁለት እጅ የተመገቡ ዓሣዎች

አንድ ባልና ሚስት ምዕራፍ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ምዕራፍ ሳሎናቸው ውስጥ በመስታወት ገንዳ የባሕር ዓሣዎች ታረባ ነበር። ውኃውን በጨው የምታዘጋጀውም፣ ዓሣዎቹን የምትመግበውም እሷ ብቻ ነበረች። ታማ ስትሞት ዓሣዎቹ ለወላጆቿ ቀሩ።

ከቀብሩ በኋላ አባቷ ልሳነወርቅና እናቷ አጸደ ስለ ልጃቸው መነጋገር አቃታቸው። እሱ፣ ስሟን ካነሳ ሚስቱን የሚያሳምማት መሰለው። እሷም ባሏን ላለማስለቀስ ብላ ዝም አለች። ልሳነወርቅ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ለዓሣዎቹ ምግብ ይበትንላቸዋል። እሱ ከወጣ በኋላ ደግሞ አጸደ መጥታ ትበትንላቸዋለች። አንዱ የሌላውን አያውቅም። ሁለቱም ግን ገንዳው አጠገብ ሲቆሙ ከልጃቸው ጋር የሆኑ ያህል ቀለል ይላቸው ስለነበር፣ እያደር የሚበትኑት ምግብ እየበዛ ሄደ።

አንድ ቅዳሜ ውኃው በድንገት ደፈረሰ። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አየር ፍለጋ አፋቸውን ይከፍታሉ። ከታች የሞቱም ነበሩ። ልሳነወርቅ ደንግጦ ውኃውን በሙሉ ደፍቶ በአዲስ ሊተካው ባልዲ አነሳ። አጸደ እጁን ያዘችና መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ አለችው። ለምዕራፍ ዓሣ ይሸጥላት የነበረውን ሸሪፍን ደውላ ጠራችው።

ሸሪፍ መጥቶ ውኃውን መረመረ። የተረፈ ምግብ በስብሶ ውኃውን እንደመረዘው ነገራቸው። ሁሉም ውኃ በአንድ ጊዜ ቢለወጥ ግን ከመርዙ የተረፉትን ድንገተኛው ለውጥ ሊገድላቸው እንደሚችል አስረዳቸው። የበሰበሰውን ትራፊ አወጣ፤ ከውኃው የተወሰነውን ቀድቶ፣ ጨውና ሙቀቱ የተስተካከለ አዲስ ውኃ በዝግታ ጨመረበት። ውኃው እስኪጠራ ድረስ ይህንኑ በየቀኑ እንዲደግሙት፣ ምግቡንም እንዲያቆሙ መከራቸው።

«ለመሆኑ የሚመግባቸው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሁለቱም እኩል።

ከዚያ ተያዩ። ሸሪፍ ነገሩ ገባው፤ ግን አልወቀሳቸውም። ምዕራፍም መጀመሪያ ላይ አብዝታ እየመገበች ታስቸግረው እንደነበር አጫውቷቸው ሄደ።

አጸደ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «የረሳሃት መስሎኝ ነበር» አለችው።

«ዝም ያልኩት ሐዘንሽን እንዳልቀሰቅስብሽ ብዬ ነው» አለ ልሳነወርቅ። አጠገቧ ተቀምጦም አለቀሰ። የዚያን ቀን ስለ ልጃቸው ሲያወሩ ዋሉ። አንዳንዴም ይስቁ ነበር።

በቀጣዮቹ ቀናት እሱ ውኃ ሲቀዳ እሷ ጨው እየለካች አብረው ሠሩ። አንድ ዓሣ አሁንም ሞተባቸው። የቀሩት ግን ቀስ በቀስ አገገሙ።

እነዚህ ወላጆች ዓሣዎቹን የጎዷቸው ከፍቅር ብዛት ነው። ሐዘንም ሆነ ፍቅር ተነጋግረው ካልተካፈሉት የሆነ ቦታ ይከማቻል፤ ውሎ አድሮም የምንሳሳለትን ይጎዳል። የተበላሸውን ለማስተካከል ስንነሳም ሁሉንም በአንዴ መድፋት አያዋጣም፤ በጥቂት በጥቂቱ፣ አብሮ መሥራት ይጠይቃል።

እርስዎስ፣ እንዳላሳዝነው ብለው ዝም ያሉት የቤትዎ ሰው ማን ነው? እሱስ ዝም ያለው ለእርስዎ ብሎ ይሆን?