መስኮት የሌለው መጋረጃ

በቀረችኝ ዕድሜ እምላለሁ፤ የምነግራችሁ ሁሉ፣ ግድግዳው የተናገረው ሳይቀር፣ እውነት ነው። ብዙ ስላልቀረችኝ በከንቱ አላባክናትም።

በእኛ ሰፈር፣ ጉለሌ ቁልቁለቱ ላይ፣ ላዩ ጭቃ ታቹ ድንጋይ የሆነ አንድ አሮጌ ቤት አለ። ታቹ ምድር ቤት ነው፤ ሦስት ጎኑ አፈር ውስጥ ተቀብሮ በአንድ ጎኑ ብቻ ደረቱን ወደ ውጭ ያወጣ። ድሮ የከሰልና የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ነበር። ጨለማው እንዴት ያለ ጨለማ መሰላችሁ! ሻማ ይዞ የገባ ሰው ሻማውን ለማየት ሌላ ሻማ ይለኩስ ነበር። አይጦቹ እንኳ እርስ በርስ እየተጋጩ ይቅርታ ይጠያየቁ ነበር።

እማማ ደብሪቱ ጉልበታቸው ከድቷቸው ወደ ላይኛው ቤት መውጣት ሲያቅታቸው፣ ልጃቸው ላቀው ይህን ምድር ቤት መኖሪያ አደረገላቸው። አምስት የድንጋይ ደረጃ ደግፎ አወረዳቸው። አምስቱን መልሰው መውጣት ግን አልቻሉም።

ላቀው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሐሳብ አያልቅበትም። ወለሉን ሴራሚክ አነጠፈ። ከደረጃው ሥር ባለችው ጎድጓዳ ቦታ መታጠቢያ አስገባ። "ነጭ ቀለም ክፍል ያሰፋል" አለና ግድግዳውን ነጭ ቀባ። ጣሪያው ላይ ሰባት አምፖል ሰቀለ። "ፊት ለፊት መስታወት ብናደርግ ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል" አለ፤ አደረገ። በመጨረሻ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መስኮት በሌለው ግድግዳ ላይ አበባ አበባ ያለው መጋረጃ ሰቀለ።

"መስኮት ያለ ያስመስላል፣ እማዬ።"

እማማ ደብሪቱ በየማለዳው መጋረጃውን ገለጥ ያደርጋሉ። ድንጋይ። ይመልሱታል።

አንድ ቀን ግን መልሰው አልዘጉትም። "ላቀው፣" አሉት፣ "መቃብርም ሴራሚክ ይነጠፍለታል። አንዲት መስኮት ክፈትልኝ፤ ሰፌድ ታህል ትበቃኛለች። እግሬን ፀሐይ ትንካው። ይህን በጋ እግሬ ካልሞቀ ሌላ በጋ አልጠብቅም።"

"ሰባት አምፖል አለ እኮ!"

"በአምፖል እግር ሲሞቅ የት አየህ? ሰውም እንደሆን ረስቶኛል። ወሰንየለሽ እንኳ፣ ሠላሳ ዓመት በአጥር ቀዳዳ ስናወራ የኖርነው ጎረቤቴ፣ ዓመት ሙሉ አምስት ደረጃ ወርዳ 'እንዴት አደርሽ' አላለችኝም። ምን በደልኳት?"

ላቀው ቀና ብሎ አምፖሎቹን ቆጠረ። "እትዬ ወሰንየለሽ ጉልበታቸውን ያማቸዋል" አለና ወጣ።

የእማማ ደብሪቱን እግር ነክቼዋለሁ። ከቁርጭምጭሚት በታች ከድንጋዩ አይለይም ነበር።

ላቀው ወርዶፋ ዘንድ ሄደ። ወርዶፋ ግንበኛ ነው፤ መዶሻ ሲያነሳ ድንጋዩ ራሱ "እዚህ ጋ ምታኝ" ይለዋል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መጣና ወደ ውጭ ያለውን ግድግዳ በመዳፉ ዳሰሰ፤ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ላቀው፣ ይሄ ግድግዳ አይደለም፣ ስፖንጅ ነው። እርጥብ ግድግዳ ብበሳ ላይኛው ቤት ቁልቁል ይመጣል። ያኔ እናትህ ፀሐይዋን በመስኮት ሳይሆን በጣሪያ ያገኟታል። መጀመሪያ ይድረቅ።"

ወርዶፋ አልበሳ አለ፤ የእማማ ደብሪቱም እግር እንደቀዘቀዘ ነው።

ላቀው ግድግዳው ፊት ቆሞ "ድረቅ እንጂ!" አለው።

ግድግዳው ጉንፋን እንደያዘው ሰው በአፍንጫው ተናገረ። "ጀርባዬን ውሃ ተደግፎኝ እንዴት ልድረቅ? ደግሞ ነጭ ቀለም ቀባኸኝ፤ ይኸው በላዬ ላይ የዓለም ካርታ ወጣብኝ። ውሃው ይሂድና እደርቃለሁ።"

ግድግዳው አልደርቅ አለ፣ ወርዶፋ አልበሳ አለ፤ የእማማ ደብሪቱም እግር እንደቀዘቀዘ ነው።

ላቀው ወጥቶ ከግድግዳው ጀርባ መሠረቱ ሥር ቆፈረ። ውሃው እዚያ ተኝቷል፣ ጥቁርና ሰፊ፤ ክንዴን የሚያህል አሳ ሲንቦራጨቅበት አይቻለሁ። "ሂድ እንጂ!" አለው ላቀው።

"በየት በኩል?" አለ ውሃው። "እዚህ ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ወድጄ መሰለህ? ወንዝ ወርጄ ከዘመዶቼ ጋር ብሆን እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ቦዩ አላሳልፍ አለኝ።"

ውሃው አልሄድ አለ፣ ግድግዳው አልደርቅ አለ፣ ወርዶፋ አልበሳ አለ፤ የእማማ ደብሪቱም እግር እንደቀዘቀዘ ነው።

ቦዩ የሁለቱ ግቢ አጥር ሥር ነው። ላቀው ጎንበስ ብሎ "አሳልፍ እንጂ!" ሲለው ቦዩ ታንቆ ኖሮ በግድ ነበር የሚናገረው። "ሥር... ጉሮሮዬን... ሥሩ ይልቀቀኝ..."

ቦዩ አላሳልፍ አለ፣ ውሃው አልሄድ አለ፣ ግድግዳው አልደርቅ አለ፣ ወርዶፋ አልበሳ አለ፤ የእማማ ደብሪቱም እግር እንደቀዘቀዘ ነው።

ሥሩ የአውቶቡስ ጎማ ያህላል። "ልቀቅ እንጂ!" አለው ላቀው።

"እኔ ታዛዥ ነኝ" አለ ሥሩ። "ላይ ያለው ጠጣ ሲለኝ እጠጣለሁ፣ ያዝ ሲለኝ እይዛለሁ። ዛፉን አናግር።"

ዛፉ የጎረቤት ሾላ ነው። ጥላው እንጦጦ ድረስ ይደርሳል፤ የእንጦጦ ሰዎች ሲያማርሩ ሰምቻለሁ። "አንተ ካልወደቅህ ሥርህ አይለቅም" ቢለው ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ሳቀ።

"ገና ምኑን አይተህ! ግድግዳውን ብትበሳም እኔ እያለሁ ፀሐይ በዚህ በኩል አታልፍም። ግን እኔ በራሴ አልወድቅም። የተከለችኝ ወሰንየለሽ ናት፤ ዛሬ ባለቤቴ ባሏ ናቸው። ጋሽ ይመኑ ይቁረጡኝና እወድቃለሁ።"

ዛፉ አልወድቅ አለ፣ ሥሩ አልለቅ አለ፣ ቦዩ አላሳልፍ አለ፣ ውሃው አልሄድ አለ፣ ግድግዳው አልደርቅ አለ፣ ወርዶፋ አልበሳ አለ፤ የእማማ ደብሪቱም እግር እንደቀዘቀዘ ነው።

እዚህ ላይ ላቀው ሦስት ቀን ቆየ። ከግንብ፣ ከውሃና ከዛፍ ጋር እንደዚያ ሲሟገት የከረመ ሰው የጋሽ ይመኑን በር ማንኳኳት ፈራ። በአራተኛው ቀን አንኳኳ። ጋሽ ይመኑ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?"

"ማን ነው?" አሉ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እያወቁት።

"ላቀው ነኝ፤ የእማማ ደብሪቱ ልጅ።"

"እነሱ ቤት ሰው አለ እንዴ? እኔ ሁሉም ያለቁ መስሎኝ።"

ላቀው እየተንተባተበ የእናቱን እግር፣ መስኮቱን፣ ዛፉን ነገራቸው። ጋሽ ይመኑ ሰሙና ዛፉን አዩ።

"ወሰንየለሽ ሞታ ድንኳን ጣልኩ" አሉ። "ከደብረ ብርሃን የመጣ አለ። ከጅማ የመጣ አለ። እናትህ ግን ከአጥሩ ወዲህ አልመጣችም። ጉልበቷ እንደማይችል አውቃለሁ፤ እቤቷ ሆና አንዴ ድምፅ አውጥታ ብታለቅስ ይበቃኝ ነበር። ሰባት ቀን ጆሮዬን አጥሩ ላይ አድርጌ ጠበቅኳት። ለሠላሳ ዓመት ጓደኛዋ አንዲት እንባ ነፈገቻት። አንዲት ቅርንጫፍ አልቆርጥም። ሂድ።"

ጋሽ ይመኑ አልቆርጥ አሉ፣ ዛፉ አልወድቅ አለ፣ ሥሩ አልለቅ አለ፣ ቦዩ አላሳልፍ አለ፣ ውሃው አልሄድ አለ፣ ግድግዳው አልደርቅ አለ፣ ወርዶፋ አልበሳ አለ፤ የእማማ ደብሪቱም እግር እንደቀዘቀዘ ነው።

ላቀው ሲመለስ ቦዩ ላይ ቆሞ ቀረ። አንድ እግሩ በዚያ ግቢ፣ አንድ እግሩ በዚህ። ዛፉ ከላይ፣ ሥሩ ከታች፣ ሁሉም እሱን ያዩታል።

ጋሽ ይመኑ ለምን አይቆርጡም? እማማ ደብሪቱ አላለቀሱም። እማማ ደብሪቱ ለምን አላለቀሱም? አልሰሙም። ለምን አልሰሙም?

የቀብሩ ቀን ላቀው የምድር ቤቱን በር ዘግቶ፣ ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻ ከፍቶላቸው ነበር። ሐኪም "ልባቸው ደካማ ነው፣ ድንጋጤ አይስማማቸውም" ብሎታል። ዛሬ ይቆይ፣ ለሰንበት ይቆይ፣ ከፋሲካ በኋላ ይሁን እያለ ዓመት ሞላው። ጠያቂውን ሁሉ ደረጃው ላይ ጠብቆ "እንዳትነግሩብኝ" ይል ነበር። እኔንም ብሎኛል። እኔም አፌን ይዤ ከርሜያለሁ፤ ለኔ ዓይነቱ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

ላቀው አልናገር አለ፣ ጋሽ ይመኑ አልቆርጥ አሉ፣ ዛፉ አልወድቅ አለ፣ ሥሩ አልለቅ አለ፣ ቦዩ አላሳልፍ አለ፣ ውሃው አልሄድ አለ፣ ግድግዳው አልደርቅ አለ፣ ወርዶፋ አልበሳ አለ፤ የእማማ ደብሪቱም እግር እንደቀዘቀዘ ነው።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ለብቻም አይነገርም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ላቀው፣ ወርዶፋና እኔ አምስቱን ደረጃ ወረድን። እማማ ደብሪቱ መጋረጃውን ይዘው አገኘናቸው። አንድ በአንድ አዩን።

"ሦስት ወንድ በማለዳ ለደግ አይመጣም" አሉ። "ማን ነው?"

ወርዶፋ የላቀውን ጎን ነካው።

"እትዬ ወሰንየለሽ፣ እማዬ።"

"መቼ?"

"አምና። በኅዳር።"

እማማ ደብሪቱ አልወደቁም። ልባቸውም ቀጥ አላለችም። መጋረጃውን ብቻ ለቀቁት።

"ያን ሬዲዮ ያስጮህክብኝ ቀን?"

"አዎ።"

"ዓመት ሙሉ ስወቅሳት" አሉ። "እሷ አፈር ለብሳ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ዓመት ሙሉ ሙት ስወቅስ!" ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። "አውጡኝ።"

በወንበር አወጣናቸው። ወንበር አራት እግር አለው፣ እኛ ሦስት ነን፤ ላቀው አንዱን፣ ወርዶፋ አንዱን፣ እኔ አንዱን ይዘን፣ አራተኛው አየር ላይ ተንጠልጥሎ እማማ ደብሪቱ ወደዚያ እያዘነበሉ ሄድን። የጋሽ ይመኑ በር ጋ ሳንደርስ ለቅሷቸውን ለቀቁት። የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ ይህን ሳላጋንን ነው የምላችሁ። ጋሽ ይመኑ ባዶ እግራቸውን ወጡ። ቆመው አዩን። ከዚያ መጡና የወንበሩን አራተኛ እግር ያዙ።

"ዘገየሽ፣ ደብሪቱ።"

"ዛሬ ነው የነገሩኝ፣ ይመኑ። ለእኔ ዛሬ ነው የሞተችው።"

በረንዳው ላይ አስቀመጥናቸው። እስኪመሽ አለቀሱ። ስለ መስኮት ማንም አላነሳም። ማታ ስናነሳቸው ግን ጋሽ ይመኑ የእማማ ደብሪቱን እግር ነክተው ደነገጡ።

"ወሰንየለሽ ይህን ዛፍ የተከለችው ለጥላ ነበር" አሉ። "ጥላው አንቺ ላይ እንዳረፈ ብታውቅ በገዛ እጇ ትነቅለው ነበር።" ከዚያም ወደ ጓዳ ገብተው መጥረቢያ ይዘው ወጡ።

ላቀው ቢናገር እማማ ደብሪቱ አለቀሱ፤ እማማ ደብሪቱ ቢያለቅሱ ጋሽ ይመኑ ቆረጡ፤ ጋሽ ይመኑ ቢቆርጡ ዛፉ ወደቀ፤ ዛፉ ቢወድቅ ሥሩ ለቀቀ፤ ሥሩ ቢለቅ ቦዩ አሳለፈ፤ ቦዩ ቢያሳልፍ ውሃው ሄደ፣ አሳውንም ይዞት ሄደ፤ ውሃው ቢሄድ ግድግዳው ደረቀ፤ ግድግዳው ቢደርቅ፣ ጥር ሳይጋመስ፣ ወርዶፋ በሳ።

ሰፌድ የምታህል መስኮት። ላቀው ያንኑ ባለ አበባ መጋረጃ ሰቀለባት። በማግስቱ ማለዳ እማማ ደብሪቱ አልጋቸው ላይ ሆነው ገለጥ አደረጉት። ድንጋይ የለም። የሾላው ጉቶ አለ። ከጉቶው ወዲህ ያቺ የአጥር ቀዳዳ አለች፤ በቀዳዳዋ የሚያይ ግን የለም። እማማ ደብሪቱ ብዙ ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ፀሐይዋ ገባች፤ ነጩን ግድግዳ ይዛ ወረደች፤ ሴራሚኩን አቋርጣ መጣችና እግራቸውን ነካች።

እንግዲህ ምያለሁና አንዲት ነገር ላስተካክል። ግድግዳው ተናግሯል፣ አሳውም ነበር፤ ካላመናችሁኝ ሄዳችሁ ውሃውን ጠይቁት። የፈጠርኩት አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነው። ፀሐይዋ እግራቸውን አልነካችም። አልጋው ጋ ልትደርስ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆማ ነበር። የቀረችውን ስንዝር እግራቸውን ዘርግተው የሄዱት እማማ ደብሪቱ ናቸው።